ቃሉና የተነገረበት ቤት

በጎንደር ከተማ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ ባለች ጎጆ፣ ጉባኤው ተበትኖ ተማሪዎቹ ወደየማደሪያቸው በሄዱበት ሰዓት፣ ቀድሞ ከቅኔ ቤት እስከ መጽሐፍ ቤት ደጃፍ የደረሰ፣ ኋላም የኮምፒዩተር ትምህርት ተምሮ የብራና መጻሕፍትን መዝገብ ማሰናዳት ሥራዬ ብሎ የያዘ አንድ ሰው የቀድሞ መምህሩን ሊጠይቅ ገባ። የተነጋገሩትም እንዲህ ነበር።

መምህር፦ እንኳን በደኅና መጣህ፣ ልጄ። ተቀመጥ። ብራናውን ትቶ ወደ ኮምፒዩተር ገባ እያሉ ነግረውኛል፤ እኔ ግን ከአንተ አፍ እስክሰማ ድረስ ለማመንም ለመካድም አልቸኮልሁም።

ደቀ መዝሙር፦ የኔታ፣ ብራናውን አልተውሁትም። በልዩ ልዩ አገር ተበትኖ ስለሚኖረው መጽሐፋችን አንዱ ካታሎግ የተናገረውን ሌላው ከተናገረው ጋር አገናኝቼ ላሰናዳ ስል ነው ወደ ኮምፒዩተር የተሻገርሁት። ዛሬ የመጣሁትም በዚህ ሥራ ከባድ ስሕተት ሠርቼ፣ ያን ለማረም ስደክም ያገኘሁት መድኃኒት፣ በልጅነቴ ከእግርዎ ሥር ተቀምጬ የሰማሁትን ነገር የሚመስል ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

መምህር፦ ከመድኃኒቱ በፊት ሕመሙን ንገረኝ።

ደቀ መዝሙር፦ ሕመሙ እንዲታወቅ አስቀድሜ የሥራውን ጠባይ ልግለጽ። ዌብ የሚባለውን ድር የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ በ2001 እ.ኤ.አ. በአሳተመው ጽሑፍ፣ እስከዚያ ድረስ ሰው ብቻ አንብቦ የሚረዳውን ድር ማሽንም ምሥጢሩን ተከትሎ እንዲያገለግልበት አድርጎ ማሰናዳት እንደሚቻል አስረዳ፤ ስሙም ሴማንቲክ ዌብ ተባለ። የዚህ ሁሉ መሠረት አር.ዲ.ኤፍ. የሚባለው የአጻጻፍ ሥርዐት ነው፤ የድርን ሥርዐት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ1999 አጽድቆታል። በዚህ ሥርዐት ዕውቀት ሁሉ ወደ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱም ሦስት ክፍል ብቻ አለው። «አባ ገሪማ ወንጌልን ጻፉ» ብንል፣ አባ ገሪማ ባለቤት፣ ወንጌልን ተሳቢ፣ ጻፉ ማሰሪያ አንቀጽ ነው። አንዱ ገሪማ ከሌላው ገሪማ ጋር እንዳይምታታም ለእያንዳንዱ የድር አድራሻ የሚመስል፣ የማይደገም መለያ ይሰጠዋል።

መምህር፦ ይህስ ሰዋስው የሚጀምር ሕፃን የሚያውቀው ነው፤ በዚህ ላይ መዝገብን ማቆም መልካም አሳብ ይመስለኛል። ነገር ግን አንድ ነገር ጎደለው። «አባ ገሪማ ወንጌልን ጻፉ» ብሎ የተናገረው ማን ነው?

ደቀ መዝሙር፦ የኔታ፣ እኔን ብዙ ወራት ያስለፋኝን ጥያቄ እርስዎ በአንድ ትንፋሽ ጠየቁት። ስሙን በማልጠራው በአንድ የመጻሕፍት ቤት ስሠራ፣ በዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ስለሚገኙት የወንጌል ጥራዞች የተነገረውን ሁሉ ወደ አንድ መዝገብ አስገባሁ። የገዳሙ ትውፊት አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን እንደ ጻፉት፣ ፀሐይም እስኪፈጽሙ ድረስ ሳትጠልቅ እንደ ቆመችላቸው ይናገራል። የጽሕፈቱን ቅርጽ መርምረው ዕድሜውን የገመቱ ሊቃውንት ደግሞ ዘመኑን ወደ 1100 እ.ኤ.አ. አቅርበውት ነበር። ከዚያ በኋላ ከብራናው ጥቂት ፍርፋሪ ተወስዶ በኦክስፎርድ በካርቦን ሲመረመር፣ የአንዱ ጥራዝ ዘመን ከ390 እስከ 570፣ የሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። እኔም እነዚህን ሁሉ በሦስት በሦስት ክፍል አድርጌ፣ ስንዴውንና ገብሱን ጤፉንም በአንድ ጎተራ እንደሚያፈስ ገበሬ፣ በአንድነት አፈሰስኋቸው።

መምህር፦ ከዚያስ?

ደቀ መዝሙር፦ ከዚያማ መዝገቡ በአንድ አንደበት ሦስት ነገር ተናገረ። ያው መጽሐፍ በ6ኛውም በ12ኛውም መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ ሆነ፤ ማን እንዲህ እንዳለ፣ ማንስ እንዲያ እንዳለ የሚያመለክት ምልክት ግን አልነበረም። ይህ እንኳ ባልከፋ ነበር፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከካታሎጎቹ አንዱ ታርሞ ሲመጣ፣ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን እንዳስገባ ታዘዝሁ፤ አሮጌው ግን ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ስለ ነበር የትኛው ዐረፍተ ነገር የእርሱ፣ የትኛው የሌላው እንደ ሆነ መለየት አልተቻለኝም። የወራት ድካሜን ሁሉ ደምስሼ እንደ ገና ጀመርሁ።

መምህር፦ ይህን በሰማሁ ጊዜ የአንድምታው ትዝታ መጣብኝ። አባቶቻችን አንዱን ንባብ ሲተረጉሙ፣ አንዱ ሊቅ እንዲህ ይላል ብለው ከፈቱ በኋላ፣ ሁለተኛውን ትርጓሜ ከመጀመሪያው ጋር ሳያጋጩ፣ የመጀመሪያውንም ሳይደመስሱ «አንድም» ብለው ያስከትላሉ። «አንድም» የምትለው ቃል በሁለት ትርጓሜዎች መካከል የቆመች ቅጥር ናት። አንተ ግን ቅጥሩን አፍርሰህ እህሉን አደባለቅኸው።

ደቀ መዝሙር፦ መድኃኒቱ የልጅነቴን ትምህርት ይመስላል ያልሁት ስለዚህ ነው። ቅጥሩን የሚሠራልኝ ነገር በእንግሊዝኛው ኔምድ ግራፍ፣ በእኛ አነጋገር ስም የተሰጠው ግራፍ ይባላል። ግራፍ ማለት የእነዚያ የባለ ሦስት ክፍል ዐረፍተ ነገሮች ጉባኤ ነው፤ ጉባኤውን በአንድ ላይ ሰብስበው እንደ ሌላው ነገር ሁሉ የማይደገም መለያ ሲሰጡት ባለስም ይሆናል። በ2005 ጄረሚ ካሮል፣ ክርስቲያን ቢትሰር፣ ፓት ሄይስና ፓትሪክ ስቲክለር የተባሉ አራት ሊቃውንት ይህን አሳብ ስለ ቃል ምንጭና ስለ አመኔታ በተናገሩበት ጽሑፍ አብራርተው አቀረቡት፤ በ2008 የጸደቀው ስፓርክል የሚባለው የጥያቄ ቋንቋም ተቀበለው፤ በ2014 የአር.ዲ.ኤፍ. ሥርዐት ሲታደስ ደግሞ ከመሠረቱ ውስጥ ገባ።

መምህር፦ ከዚያ በፊትስ የተናጋሪውን ስም የሚያኖሩበት ዘዴ አልነበራቸውም?

ደቀ መዝሙር፦ ነበራቸው፤ ግን እጅግ አድካሚ ነበር። አንዱን ዐረፍተ ነገር ራሱን እንደ ባለቤት አቁመው፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ነው፣ ባለቤቱ እገሌ ነው፣ ማሰሪያው ይህ ነው፣ ተሳቢው ያ ነው እያሉ በአራት ዐረፍተ ነገር ከገለጹ በኋላ ነበር ተናጋሪውን የሚጨምሩት። መቶ ሺህ ዐረፍተ ነገር ላለው መዝገብ አራት መቶ ሺህ ሌላ ዐረፍተ ነገር ተናጋሪው ከመጠራቱ በፊት ይጨመር ነበር ማለት ነው። በግራፍ ሥርዐት ግን ከሦስቱ ክፍሎች ቀጥሎ አራተኛ ክፍል ብቻ ይመጣል፤ እርሱም የቤቱ ስም ነው።

መምህር፦ የቤቱ ስም ማለትህ ደስ አሰኘኝ። እንግዲህ የእኛን ቤት ልንገርህ። የመጻሕፍት ትርጓሜ በጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት እንደ ተከፈለ ታውቃለህ፤ የታች ቤቱ ትርጓሜ ከመምህር ኤስድሮስ እንደ ተነሣ ይነገራል። ጠንቃቃ መምህር ሲያስኬድ፣ ይህ የላይ ቤት ነው፣ ይህ የታች ቤት ነው ብሎ ይለያል። ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርህ፤ ብዙውን ጊዜ «አንድም» እያልን እንለየዋለን እንጂ ስሙን አንጠራም። መለየትና ስም መጥራት አንድ አይደሉም፤ የተለየው ቃል ከጎረቤቱ ጋር አይደባለቅም፣ ስሙ ያልተጠራው ቃል ግን አባቱን አያውቅም።

ደቀ መዝሙር፦ ይህን በወረቀት ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ እሰቅለዋለሁ፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንኑ ነውና።

መምህር፦ አሁን እጅህ የሚሠራውን አሳየኝ። ቤቱን እንዴት ትሠራዋለህ?

ደቀ መዝሙር፦ ትሪግ በሚባለው አጻጻፍ መጀመሪያ የቤቱን ስም እጽፋለሁ፣ ከዚያ ጠምዛዛ ቅንፍ እከፍታለሁ፣ ዐረፍተ ነገሮቹን በነጥብ እየለየሁ በውስጡ አኖራለሁ፣ ቅንፉንም እዘጋለሁ። በዳታቤዙ ውስጥ ደግሞ በ2013 የወጣው የስፓርክል እትም የሚያዝዝባቸው ቃላት አሉት፤ ኢንሰርት ዳታ የሚለው ትእዛዝ ግራፍ ከሚለው ቃልና ከቤቱ ስም ጋር ሲሆን ዐረፍተ ነገሮቹን ወደ ተጠራው ቤት ያስገባል፤ ሎድ የሚለው ፋይሉን በሙሉ ወደዚያው ይጭናል። ክሪኤት ግራፍ የሚል ባዶ ቤት የሚሠራ ትእዛዝም አለ፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ዳታቤዞች ዘንድ ቤቱ የሚኖረው የመጀመሪያው ቃል ሲገባበት ነው፣ የመጨረሻውም ቃል ሲወጣ ቤቱ አብሮ ይጠፋል።

መምህር፦ እንደ ጉባኤ ቤት ነው። ተማሪ የሌለበት ጉባኤ ሕንጻው ቢኖርም ጉባኤ አይባልም።

ደቀ መዝሙር፦ እንደዚያው ነው። ለአባ ገሪማ ወንጌል ሦስት ቤት ሠራሁለት፤ አንዱ የገዳሙ ትውፊት፣ ሁለተኛው የጽሕፈቱን ቅርጽ የመረመሩት፣ ሦስተኛው የካርቦኑ ምርመራ። አሁን «ይህ ወንጌል መቼ ተጻፈ?» ብዬ ስጠይቅ፣ በጥያቄዬ ውስጥ የቤቱን ስም በማይታወቅ ምልክት ተክቼ፣ «በየትኛው ቤት?» የሚለውን ለማሽኑ እተወዋለሁ፤ መልሱም ዘመኑንና ቤቱን ጎን ለጎን አድርጎ ይመጣልኛል። አንዱን ቤት ብቻ ልስማ ብል ስሙን እጠራለሁ፤ ሁለቱ ቤቶች የሚለያዩበትን ብቻ አሳየኝ ብልም ያሳየኛል።

መምህር፦ ሁለቱ ቤት የተስማሙበት ቃልስ? ላይ ቤትም ታች ቤትም አንድ ትርጓሜ ቢናገሩ የማን ይሆናል?

ደቀ መዝሙር፦ በሁለቱም ቤት ይጻፋል። ከአንዱ ብደመስሰው በሌላው ይኖራል፤ ቤቶቹን አንድ አድርጌ ስመለከት ግን እንደ አንድ ቃል ይቈጠራል። ስለዚህም አንድን ነገር ስንት ቤት እንደ መሰከረለት መቍጠር እችላለሁ። ነገር ግን፣ የኔታ፣ እዚህ ላይ ያታለለኝ ነገር ነበር። በእነዚህ ዳታቤዞች ውስጥ ከባለስሞቹ ሌላ አንድ ስም የለሽ ግራፍ አለ፤ ቤቱን ሳልጠራ ስጠይቅ መልሱ የሚመጣው ከየት እንደ ሆነ በየዳታቤዙ ይለያያል። አንዳንዱ ቤት ያልተጠራበትን ጥያቄ ለቤቶች ሁሉ እንደ ቀረበ ይቈጥረዋል፤ ሌላው ግን ስም የለሹን ብቻ ከፍቶ ይመለከታል። እኔም ሁሉን በባለስም ቤቶች ካኖርሁ በኋላ በሁለተኛው ዓይነት ዳታቤዝ ብጠይቅ ባዶ መልስ አገኘሁ፤ መዝገቤ ጠፋ ብዬ ልቤ ደነገጠ። ቃሉ ሁሉ በየቤቱ ነበር፤ እኔ ግን ማንም በማይኖርበት ደጃፍ ቆሜ ነበር የምጣራው።

መምህር፦ ስሙን የምታወጣውስ በምን ላይ ተመሥርተህ ነው? ወንጌሎቹን በአንድ ቤት፣ ድርሳኑን በአንድ ቤት፣ ገድሉን በሌላ ቤት ታኖራለህን?

ደቀ መዝሙር፦ ብዙ ሰዎች በዚያ ይጀምራሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የመጽሐፉ ዓይነት በዐረፍተ ነገር ሊገለጽ የሚችል ስለ ሆነ ቤት አያስፈልገውም። ቤት የሚያሻው በአንድነት መጥቶ በአንድነት ለሚታረም ነገር ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የማይክሮፊልም ሥራ ያስታውሳሉ፤ 9000 ያህል መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተቀመጠ፤ ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙዎቹን በካታሎግ ዘረዘሩ። በእኔ አስተያየት የዚያ ካታሎግ አንዱ ቅጽ አንድ ቤት ሊሆን ይገባዋል። ነገ አንድ ሊቅ ያን ቅጽ ቢያርም፣ አሮጌውን ቤት አፍርሼ በስሙ አዲሱን በአንድ ጊዜ ማቆም እችላለሁ፤ ከጎረቤቶቹ አንዲት ጭቃ አትነካም። ያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቢኖረኝ ኖሮ የወራት ድካሜ ባልጠፋ ነበር።

መምህር፦ የዘመን አቈጣጠሩንስ እንዴት አደረግኸው? የውጭው ሰው 1973 ያለውን የእኛ ሰው 1965 ወይም 1966 ይለዋል፤ በአንድ መዝገብ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ውሸታም ያደርገዋል።

ደቀ መዝሙር፦ ከሁሉ የሚሻለው በየቍጥሩ ላይ አቈጣጠሩን መጻፍ ነው። የቈየ ካታሎግ ግን ቍጥሩን ብቻ ይሰጣል። ያን ጊዜ ቤቱ ይረዳናል፤ የቤቱ ስም ራሱ እንደ አባ ገሪማ ባለቤት ሊሆን የሚችል መለያ ስለ ሆነ ስለ እርሱ ሌላ ዐረፍተ ነገር እንጽፋለን። ይህን ቤት ያሰናዳው እገሌ ነው፣ የተሰናዳው በዚህ ቀን ነው፣ የተቀዳው ከዚያ መጽሐፍ ነው፣ አቈጣጠሩም የኢትዮጵያ ነው እያልን። ለዚህ የሚያገለግሉ ማሰሪያዎችን ያ የድር ማኅበር በ2013 ፕሮቭ በሚባል ሥርዐት አውጥቷቸዋል። እኔ እነዚህን ስለ ቤቶች የተነገሩ ቃላት ሁሉ ለብቻው በአንድ ቤት አኑሬአቸዋለሁ፤ እርሱን የቤቶች መዝገብ እለዋለሁ።

መምህር፦ አሁን የሚያሳስበኝን ልጠይቅህ። አንድ ሰው ከራሱ ልብ ያመነጨውን ቃል በቤት ውስጥ አግብቶ፣ በደጃፉ ላይ የመምህር ኤስድሮስ ቤት ብሎ ቢጽፍበት ማን ይከለክለዋል?

ደቀ መዝሙር፦ ስሙ ራሱ አይከለክለውም። የ2005ቱ ሊቃውንት ይህን አስበው ግራፉ በባለቤቱ የዲጂታል ፊርማ እንዲታተም መክረው ነበር። የጸደቀው ሥርዐት ግን፣ ሊቃውንቱ ተከራክረው ስላልተስማሙ፣ ስሙ ለግራፉ ምን እንደ ሆነ ሳይወስን ተወው፤ ለአንዱ የምንጩ ስም፣ ለሌላው የተጫነበት ቀን፣ ለሦስተኛውም የጉዳዩ ስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሙ ምን ማለት እንደ ሆነ በግልጽ ያልጻፈ ሰው ቤቱን ቢሠራም ቍልፉን ለማንም አልሰጠም።

መምህር፦ እውነት ነው። ደግሞም ያልታወቀውን ሰው ነገር አትርሳ። ብዙ መጽሐፍ ጸሐፊው አይታወቅም።

ደቀ መዝሙር፦ ለእርሱም ሥርዐት አለው። አንዱ ካታሎግ «አንድ ጸሐፊ» ቢል ሌላውም «አንድ ጸሐፊ» ቢል፣ ከሁለት ፋይል የመጡትን ስም የለሾች ዳታቤዙ ለየብቻ አድርጎ ይይዛቸዋል እንጂ አያዋሕዳቸውም። አንድ ናቸው የሚል ሊቅ ቢመጣ የሚታወቁበት መለያ ይሰጣቸዋል፤ አንድ ናቸው ማለቱም በራሱ ቤት ይጻፍለታል።

መምህር፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የታች ቤቱ ትርጓሜ ተጻፈ፣ ታተመ፣ በየጉባኤውም ጸና፤ የላይ ቤቱ ግን ተተኪ ያጣ ያህል ሆነ። ስሕተት ስለ ነበረበት አይደለም፤ ተቀባይ ስላጣ ነው። አንተ ቅድም ቤቱ ይፈርሳል፣ በስሙ አዲስ ይቆማል ስትል ቀላል ነገር አስመሰልኸው፤ እኔ ግን የፈረሰ ቤት አይቻለሁ፤ መልሶ የሚያቆመው አልተገኘም።

ደቀ መዝሙር፦ ድሮፕ ግራፍ የሚለውን ትእዛዝ ስጽፍ እጄ እንዲንቀጠቀጥ የሚያደርገኝ ይህ ነው። በአንድ መስመር መቶ ሺህ ቃል ይጠፋል፤ ብዙዎቹ ዳታቤዞችም እርግጠኛ ነህን ብለው አይጠይቁም። ስለዚህ የታረመ ቤት ሲመጣ አሮጌውን አላፈርሰውም፤ ዓመቱን በስሙ ላይ ጨምሬ አቆየዋለሁ፤ አዲሱም እርሱን እንደሚተካ በቤቶች መዝገብ እጽፋለሁ። ቦታ ይፈጃል፣ ጥያቄውንም ያዘገየዋል ብለው የሚነቅፉኝ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልለወጥም።

መምህር፦ አትለወጥ። እንግዲያው ያን መዝገብህን ክፈት። ከዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ላይ፣ በወጣትነቴ የሰማሁት፣ በታተመው መጽሐፍ ያላገኘሁት አንድ ትርጓሜ አለኝ፤ ዕድሜዬ ገፍቷልና ላጽፍህ።

ደቀ መዝሙር፦ ክፍት ነው፣ የኔታ። በየትኛው ቤት ላኑረው? በላይ ቤት ወይስ በእርስዎ ስም?

መምህር፦ የነገሩኝ ከላይ ቤት የመጡ አንድ አረጋዊ መምህር ናቸው፤ እስከ ሁለተኛው «አንድም» ድረስ ያለው የእርሳቸው ቃል ነውና በላይ ቤት አኑረው፤ ከእኔም እንደ ሰማኸው ጨምርበት። ሦስተኛው «አንድም» ግን እርሳቸው ካረፉ በኋላ እኔ የጨመርሁት ነው። እርሱን ለብቻው ጻፈው።